«ተከትቧል» ያለችው እህት

የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እሷ ፊት ይቆም ነበር። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ «ቀጥ በል፤ ሆድህን አትንፋ፤ በቃ አሁን ተንፍስ» እያለች ደረቱን፣ ወገቡንና የእጁን ርዝመት ትለካዋለች። ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ቤቷ ሁለት ክፍል ሲሆን መንገድ ዳር ያለው ሱቋ ነው፤ በሩ ሥር የእግር መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ በየልኩ የተቆረጠ ወረቀት፣ ጥግ ላይ ካውያዋና ጥቅል ሰማያዊ ጨርቅ። እናቶቹ «ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ ሰፋ አድርጊው» ይሏታል። እሷም ጠርዙን አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፍና «ሁለት ዓመት ያስኬደዋል። ከዚያ በላይ ካደገ ጥፋቱ የእናንተ ሾርባ ነው» ትላቸዋለች። ያኔ ቀልድ ታውቅ ነበር።

ታናሽ እህቷ የምትኖረው እዚያው ግቢ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ታናሺቱን አጥባ አብልታ ያሳደገቻት፣ ኋላም ለአንድ የሒሳብ አስተማሪ የዳረቻት እሷው ናት። ታናሺቱ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ያለችው ነገር ደግሞ ማኅተም የተመታበት ነው፤ ሁለተኛ አይጠየቅበትም።

የልብስ ሰፊዋ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በወር ሁለት ጊዜ ከመጣ ብዙ መጣ ይባላል። የበኩር ልጃቸው በተወለደ በሃያ ቀኑ ትኩሳት ይዞት በሁለተኛው ቀን ሞተ። እሷ ብቻዋን ነበረች፤ ባሏ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ከዓይኗ የምትለየው አልሆነም። ክብ፣ ጉንጫም፣ የእግሩ ሥጋ ከውፍረት በሦስት ቦታ የታጠፈ ሕፃን ነበርና ሠፈሩ «ድንቡሼ» አለው፤ በኋላ ቀጥኖና ረዝሞ እንደ ሜዳ ቀርከሃ ሲመዘዝም ስሙ አልለቀቀውም።

ድንቡሼ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ለመጀመሪያ ክትባት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ታፋውን ወግታ፣ ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፋ፣ ትኩሳት ሊኖረው እንደሚችል፣ እሱም በአንድ ሁለት ቀን እንደሚተወው ነገረቻት። ነገሩ በጆሮዋ ገባ እንጂ በልቧ አልገባም። ሲመሽ ልጁ እንደ ካውያ ጋለ። የተወጋው ቦታ አበጠ፤ ሲነኩት ይጮኻል። የሞተው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። በማግስቱ ትኩሳቱ በረደ፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ ጡቱን ይዞ ይስቅ ጀመር። የእሷ ፍርሃት ግን አልበረደም። በዚያው ሳምንት ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች አንዲት ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ፣ ከተወጋ በኋላ ፈዞ ስለቀረ ልጅ አወራችላት። ወሬ ማገዶ አይፈጅም። ልብስ ሰፊዋ ካርዱን ከወረቀቶቹ ሥር ከተተችው። ሁለተኛው ቀጠሮ አለፈ፤ ሦስተኛውም፤ በዘጠኝ ወሩ የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም። ለባሏም ለእህቷም አልተናገረችም። መጥፎ ነገር ያደረገች አልመሰላትም፤ ልጇን የደበቀችው መስሏት ነበር።

ድንቡሼ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ታናሺቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ታናሺቱ በነገሯ ሁሉ ጥንቁቅ ናት። የልጇን የክትባት ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ቀጠሮው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቀን መቁጠር ትጀምራለች። ሕፃኑ አምስት ወር እንደሞላው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ሠራተኛ መዝገቧን አቅፋ ግቢው ገባች። ታናሺቱ ካርዱን አሳየቻትና ወደ ሱቁ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ድንቡሼም ክትባቱን ጨርሷል አይደል?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ኮሌታ እየሰፋች ነበር። እግሯ መርገጫው ላይ አልቆመም።

«ተከትቧል» አለች።

የጤና ሠራተኛዋ ካርዱን ልይ አላለችም። ጻፈችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ድንቡሼ ጉንፋን የያዘው መሰለ። ሳለ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ብርሃን ሸሸ። በአራተኛው ቀን ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ሽፍታ ወረደበት። ያየ ሁሉ ኩፍኝ ነው አለ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱ ልጆች በአንድ ምንጣፍ ላይ ሲንከባለሉ ውለዋል፤ ትልቁ የአፉን ብስኩት አውጥቶ ለትንሹ ያጎርሰው ነበር። ታናሺቱ በድንጋጤ፣ «እትዬ፣ ተከትቦ የለ እንዴ? እንዴት ይይዘዋል?» ብትላት፣ «እኔስ ምኑን አውቄው» አለቻት። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሕፃኑም ተያዘ። ሰባት ወሩ ነው። የእሱ የኩፍኝ ክትባት ቀን ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

ሁለቱም ዳኑ። ትንሹ ትንሽ ቆየበት፤ ከሳ፣ ጆሮው መገለ፣ ከዚያ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ የዚያን ጊዜ ያለቀሰችው ለቅሶ ሰው የሚያውቀው አይደለም፤ ልጁ ድኖ ሲስቅላት ግን ነገሩን ሆዷ ውስጥ ቆልፋ ተወችው። አለፈ። ያለፈ ነገር ምን ይቆፈራል አለች።

የታናሺቱ ልጅ አደገ፤ አደገ ብቻም አይደለም። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አፉን ፈታ፤ በአራት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ሙግት ገጠመ። ሠፈሩ «ጮሌ» አለው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቀጥታ የአክስቱ ሱቅ ገብቶ ሜትሩን ይዞ ደንበኛ ይለካል፤ «አክስቴ፣ ሴትዮዋ ባለፈው ዓመት ሰባ ስምንት ነበሩ፤ አሁን ሰማንያ አራት ሆነዋል» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገርና ሴትዮዋን ያሳፍራል። ልብስ ሰፊዋ ስቃ ስቃ እንባዋ ይመጣል። የእሷ ድንቡሼ ዝምተኛ ስለሆነ ጮሌ ለሁለቱም ያወራ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሆነው አንድ ነገር መለወጡን መጀመሪያ ያስተዋለችው እሷ ናት። ጮሌ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። አንዱን ዘሎ ሌላው ላይ ያስገባል፤ ትፈታና ታስተካክልለታለች፤ በማግስቱ እንደዚያው። ጥፋቱ የስፌቱ መስሏት ቀዳዳዎቹን ሁሉ ፈትታ አሰፋችለት። አሁንም አልቻለም። ከዚያ ጽሕፈቱ ተበላሸ። የሚያውቀውን የማባዣ ሰንጠረዥ ረሳ። አባቱ ልጄ ሰነፈ ብሎ ተናደደ፤ የሌላ ልጅ ቢሆን ይታገሥ ነበር፣ የራሱ ስለሆነ ግን ጨከነበት። የሰባትን ብዜት ሃምሳ ጊዜ ጻፍ ብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጮሌ ከወረቀቱ መስመር ወጥቶ፣ ፊደል የማይመስል ነገር ሞልቶበት አመጣ። አባትየው ወረቀቱን ቀደደው።

ቀጥሎ የጭንቅላቱ መውደቅ መጣ። ቁጭ ብሎ ሳለ ድንገት ጭንቅላቱ ወደ ፊት ወደቅ ይልና ይመለሳል፤ እንደሚያንቀላፋ ሰው። ክፍሉ ውስጥ ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ሲወርድ ያው ነገር መጣበትና ተንከባለለ፤ ያን ቀን አባቱ ተሸክሞት ወደ ሆስፒታል ሮጠ።

ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ተላኩ። በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ገቡ፤ ልብስ ሰፊዋም ሱቋን ዘግታ አብራ ሄደች። ጭንቅላቱ ላይ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ለጥፈው መሣሪያው እንደ ስፌት መስመር እያሰመረ የሚያወጣውን ወረቀት አዩ፤ ከጀርባው ውኃ ቀድተው መረመሩ። ከዚያ አንዲት ሐኪም ሦስቱንም ጠባብ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ወንበሩ ሁለት ስለነበር ልብስ ሰፊዋ በሩን ተደግፋ ቆመች።

ሐኪሟ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ልጁ ኩፍኝ ወጥቶበት ያውቃል? ስንት ዓመቱ ላይ?»

«በሰባት ወሩ» አለች ታናሺቱ። «ግን ድኗል።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ኩፍኝ አብዛኛውን ልጅ ለቅቆት ይሄዳል አለች፤ አንዳንዱን ግን፣ በተለይ ሕፃን ሳለ የያዘውን፣ የለቀቀ መስሎ አንጎሉ ውስጥ ይደበቃል። ዓመታት ዝም ይላል። ከዚያ ይነሳል። ይህ ከብዙ ሺህ አንዱ ላይ የሚደርስ ነው፤ የደረሰበት ላይ ግን መድኃኒት የለውም። ልጁ እንዳይሠቃይ ማድረግ እንችላለን፤ ማዳን አንችልም። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እጇ ግን የወረቀቱን ጫፍ ደጋግሞ ያጥፍ ነበር።

አባትየው እንደ አስተማሪ፣ ነገሩን ከሥሩ ልረዳ አለ። እሷም በትዕግሥት አስረዳችው። የሰው ሰውነት ጠላቱን አንዴ ተዋግቶ ካሸነፈው መልኩን አይረሳም፤ ሲመለስ ከበር ይይዘዋል። ክትባት ማለት ያንን ጠላት እጅ እግሩን አስሮ ለሰውነት ማሳየት ነው፤ ሰውነት ሳይቆስል ይማራል። ከክትባት በኋላ የሚመጣው ትንሽ ትኩሳትም ብዙውን ጊዜ ሰውነት እየተማረ መሆኑ ነው። ሕፃን ሲወለድ ደግሞ ከእናቱ ማኅፀን ጥቂት መከላከያ ይዞ ይወጣል፤ ግን ስንቅ ነው፣ መንገድ ላይ ያልቃል። ስንቁ አልቆ የራሱ ክትባት እስኪደርስ ባለው ጊዜ ሕፃኑን የሚጠብቁት በዙሪያው ያሉ የተከተቡ ሰዎች ናቸው። በሽታው በእነሱ በኩል ማለፍ ካልቻለ እሱ ጋ አይደርስም።

«ከማን ነው የያዘው?» አለች ሐኪሟ፣ ለመዝገቧ ያህል።

«ከእህቴ ልጅ። እሱ ግን ተከትቧል። አይደለም እትዬ?»

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ እንደቆመች ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ፣ ይህም ያጋጥማል፣ ከመቶ ጥቂት ልጅ ተከትቦም ይያዛል፣ ለዚህ ነው ሁለተኛ ጊዜ የሚደገመው አለች። ማንም ያልጠየቃትን መሸሸጊያ ሰጠቻት፤ ልብስ ሰፊዋም ገባችበት። ከክፍሉ እንደወጡ ግን መተላለፊያው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ታናሺቱ ለእሷ አዝና ውኃ አመጣችላት።

ጮሌን ይዘው ተመለሱ። መጀመሪያ መራመድ ተወ፤ ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉበት። አንድ ቀን አክስቱን አያት አያትና «ሜትሯ» አላት፤ ስሟን ፈልጎ ያገኘው ያንን ነው። ከእሱ የሰማችው የመጨረሻ ቃልም እሱ ሆነ። እጅና እግሩ ደረቀ። መኝታ እንዳያቆስለው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበረባቸው፤ ልጁ ረዝሟል፣ ለአንድ ሰው አይመችም። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን በማገላበጫው ሰዓታት መካከል አደረገች። ከብብቱ ሥር ታናሺቱ፣ ከጉልበቱ ሥር እሷ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ያዞሩታል። ድንቡሼ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የዕለቱን ወሬ ይነግረዋል፤ ዝምተኛው ልጅ አሁን ለሁለቱም ማውራት ጀመረ።

ታናሺቱ ሴት ልጅም ነበረቻት፤ ጮሌ ሲታመም በሆዷ የነበረች። ሕፃኗ ዘጠኝ ወር ሞላት። የጤና ሠራተኛዋ አንዴ መጣች፤ ታናሺቱ ዛሬ አይመቸኝም አለቻት። ሁለተኛ መጣች፤ በሩን አልከፈተችም። ግድግዳው ላይ ካርድ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ይህን አየች፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ጮሌን ሊያዞሩ ሲዘጋጁ፣ ለመሆኑ የልጅቷ ክትባት መቼ ነው ብላ ጠየቀቻት።

«አላስከትብም» አለች ታናሺቱ። «ቢረባ ኖሮ ያንቺን ልጅ ይይዘው ነበር? ተከትቦ አይደል ያመጣው? እኔ ቀኑን ስቆጥር፣ ካርድ ስሰቅል ኖሬ ምን አገኘሁ?»

ሕፃኗ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ባዶ የክር ማጠንጠኛ እያኘከች ነበር። ልብስ ሰፊዋ አየቻት። ያቺ «ተከትቧል» ስትወጣ አንዲት ትንሽ ቃል ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቤት ውስጥ እየበላች አድጋ አሁን ሌላ ልጅ ፊት ቆማለች።

«አልተከተበም ነበር» አለች።

ታናሺቱ እጇን ከልጇ ብብት ሥር አላወጣችም። «ምን?»

«ድንቡሼ። ከመጀመሪያዋ በኋላ አልወሰድኩትም። ትኩሳቱ አስፈራኝ። ዋሸሁሽ።»

 ታናሺቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች፤ ልጁን አዞሩት። ትራሱን በጉልበቶቹ መካከል አደረገች፤ አፉን ጠረገችለት፤ ብርድ ልብሱን ጎትታ አለበሰችው። ቀና ሳትል፣ «ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?» አለቻት።

«ሦስቴ።»

«ሦስቴ» አለች ታናሺቱ፣ እንደሚቆጥር ሰው። «ሂጂ አሁን።»

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ጋ ተቀምጣ ሳለ ታናሺቱ ሕፃኗን አዝላ በሱቁ ፊት አለፈች። ወደ ጤና ጣቢያው ነበር የምትሄደው። ስታልፍም ስትመለስም ወደ ሱቁ አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። ልጁ ግን መገላበጥ አለበት፤ ለዚያም አራት እጅ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ በሰዓቱ ትመጣለች፤ በሩ ይከፈትላታል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይባላል፤ ትወጣለች። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። እህቷ «እትዬ» ማለት ትታለች። ሌላ ስም አልሰጠቻትም፤ ምንም አትላትም።

አስተማሪው አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት ደግሞ ደስ ባላት። እሱ ግን ስለ ወረቀቱ ነበር የሚያወራው፤ ስለ ሰባት ብዜት። ልጁ የቻለውን ያህል ጽፎ እንዳመጣለት፣ እሱ ዓይኑ እያየ እንደቀደደበት። ይህን ለሚስቱ መንገር አልቻለም። ለእሷ ግን መንገር አላሳፈረውም። ጨርሶ ሲነሳ፣ እኔ አንቺን ልፈርድብሽ አልችልም፣ እሷ ግን ትችላለች አላትና ወጣ።

ጮሌ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ መዋጥ ካቆመ በኋላ፣ ታናሺቱ ዝምታውን ሰበረችው። ልጁን አዙረው ልብስ ሰፊዋ ልትወጣ ስትል «ቆዪ» አለቻት።

«ለልጅሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እንዳትነግሪው። ዕድሜውን በሙሉ ቢጠይቅሽ እንዳትነግሪው። ሕፃን ነበር፣ ብስኩቱን ነው ያካፈለው። አንድ ልጅ ይበቃል።»

ልብስ ሰፊዋ ማለት የምትፈልገው ነገር ብዙ ነበር። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጋለች። እህቷ ግን ፊቷን ወደ ልጇ መልሳ ነበር። እሺ ብቻ ብላ ወጣች።

አንድ ጠዋት ሁለቱ እህቶች ጮሌን ሲያዞሩት፣ እጃቸው ላይ እያለ ትንፋሹ አልተመለሰም። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለመገነዣው የሚሆነውን ነጭ ጨርቅ ራሷ ቆረጠች፤ መለካት አላስፈለጋትም። ቀብሩ ላይ ድንቡሼ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ታናሺቱ ናት ያቀፈችው፤ እናቱን አልፋ ሄዳ ራሱን ደረቷ ላይ አስደግፋ እስኪበቃው አስለቀሰችው። ልብስ ሰፊዋ ከሁለት እርምጃ በላይ አልተጠጋቻቸውም።

ዓመቱ ሳይሞላ አስተማሪው ዝውውር ጠይቆ አገኘ፤ ሌላ ከተማ ሄዱ። ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤት ሌላ ተከራይ ገባበት። ልብስ ሰፊዋ አሁንም ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቀልዱ ግን ቀርቷል፤ አዲስ ደንበኞቿ ሲፈጥራት ዝምተኛ ትመስላቸዋለች። አንዲት ነገር ጨምራለች፦ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣን እናት ሁሉ ክትባቱ የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። ፈራሁ ለምትላት አትቆጣም። ትኩሳቱን እሷም እንደምታውቀው፣ ሌሊቱ ረጅም እንደሆነ፣ ግን እንደሚነጋ ትነግራታለች፤ ከፈለገችም አብሬሽ እሄዳለሁ ትላታለች፣ ትሄዳለችም። ለምን እንዲህ እንደምትለፋ የጠየቃት ቢኖርም አልመለሰችም፤ መልሱ የድንቡሼም ነው፣ እሱን ደግሞ ላለመንካት ቃል ገብታለች።

ታናሺቱ ብዙውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። የምትደውለው በድንቡሼ ስልክ ላይ ነው። ስለ ፈተናው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ አሁንም እንደ ቀርከሃ እየረዘመ ስለመሆኑ ትጠይቀዋለች፤ ሕፃኗን፣ አሁን ተማሪ የሆነችውን፣ ታገናኘዋለች። ልብስ ሰፊዋ እሑድ ሥራ ባይኖራትም ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከልጇ ድምፅ ሳትርቅ። አንዳንድ እሑድ ታናሺቱ ወሬዋን ስትጨርስ «ስጣት» ትለዋለች፤ ሁለቱ እህቶች ስለ ጤናና ስለ አየሩ ጥቂት ይነጋገራሉ። አንዳንድ እሑድ ደግሞ አትለውም። ድንቡሼ ስልኩን ኪሱ ይከትና «ደህና ናቸው አለች» ይላታል፤ እሷም «እግዜር ይመስገን» ብላ ሱቁን ትዘጋለች።